ሣር ማጨጃዋ የቆመችበት ዓመት

ሰው ሁሉ የታጨደ እርጥብ ሣር ሽታ ይወዳል። እኔን ግን ያናድደኛል። ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ ቆቦ ሄጄ ነበር። ከለቅሶው መልስ ከአክስቴ ልጅ ጋር አዲስ የተከፈተ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሻይ አዘን ተቀመጥን። አንድ ሰው በሞተር ማጨጃ ሣሩን መከርከም ጀመረ። ቤንዚኑ፣ የጋለው ዘይትና የተቆረጠው ሣር ተቀላቅለው ሸተቱኝ። የአክስቴ ልጅ "እንዴት ደስ ይላል" ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ምን ሆንሽ አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ግን እየተራመዱ የሚያወሩት ነገር አልነበረም።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር። ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ግቢ አለ፤ ሰው ሁሉ "ፕሮጀክቱ" ይለው ነበር። ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል፣ ስብሰባ ይደረጋል፣ እንግዳ ያድራል። ግቢው ውስጥ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ በየሜዳው በተተከሉ መርጫዎች እየተሽከረከረ የሚያጠጣው ሣር ነበር። በዚያ ሁሉ ቆላ፣ አቧራ ከሰው ቅንድብ በማይጠፋበት አገር፣ ያ ግቢ ብቻ ዓመቱን ሙሉ እንደ መስከረም አረንጓዴ ነበር።

አባቴ ሁሴን እዚያ የተቀጠረው በዘበኝነት ነው። ቀድሞ ወፍጮ ቤት ስለሠራ ሞተር ያውቃል ተባለና ሣር ማጨጃዋን ሰጡት። እንደ ሆቴሉ የምትገፋ አልነበረችም፤ የምትነዳ ነበረች። ወንበርና መሪ፣ አራት ጎማ አላት፤ ቀይ ናት፤ ከሆዷ ሥር ስለት ይሽከረከራል። እኔ የትራክተር ጥጃ ትመስለኝ ነበር። አድጋ የእኛን ማሳ እንድታርስልን እመኝ ነበርና አንድ ቀን መቼ እንደምታድግ አባቴን ጠየቅሁት። ሳይስቅ "ሣር በደንብ ከበላች" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስታጭድ ባየኋት ቁጥር ጎኗን እለካ ነበር።

ከጠዋት ፈረቃ መልስ ቂጣና ወጥ በሳህን ይዤ ምሳውን አደርስለት ስለነበር ሥራውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሳያስነሣት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና ይመዝና ወደ ፀሐይ አዙሮ ያያል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ በመዳፉ ቀስ እያለ ይመታዋል፤ የቆቦ አቧራ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በሞተሩ ክንፎች መካከል የተሰገሰገውን ደረቅ ሣር በእንጨት ይለቅማል፤ እሱ ከታፈነ ሞተሩ መተንፈሻ ያጣል ይል ነበር። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ይፈታል፣ ጥላሸቱን ይፍቃል፣ ይመልሳል። እናቴ ከድጃ ይህን ስትሰማ ለእኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም ትል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከዳን። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ አገዳው እንኳ ለከብት የሚሆን አልነበረም። ጥር ላይ ከብቶች ግድግዳ እየተደገፉ ይቆሙ ጀመር። ያለው ከጎብዬ ጭድ እያስጫነ አመጣ፤ የሌለው ቁልቋል እሾሁን በእሳት እየለበለበ ለከብቱ አበላ። የእኛም ላም ቁልቋል ትበላ ነበር። ከንፈሯ እየደማ ትበላ ነበር።

በዚሁ ጊዜ አባቴ በየሳምንቱ እርጥብ ሣር ያጭድ ነበር። የታጨደውን ሣር የት ያደርሱት ነበር? ከግቢው ጀርባ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ይጣላል፣ ሲደርቅ ይቃጠላል። ትእዛዝ ነው። የግቢው ኃላፊ አቶ ግርማቸው ይባል ነበር፤ ሁልጊዜ ብረት የመሰለ ቀጥ ያለ ሱሪ የሚለብስ ሰው ነው። አንድ እስር ሣር ከወጣ ነገ አገሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ይሰለፋል፣ ሥርዓት ይጠፋል ብሎ ከልክሏል።

ጎረቤታችን አያ ደሳለኝ ሁለት በሬዎች ነበሩት፣ ወይኖና ቦራ። መሬቱ ከግቢው አጥር ጋር ይዋሰናል። አንድ ቀን ምሳ ሳደርስ ሽቦው ማዶ ቆሞ አባቴን ሲያናግረው ደረስኩ። ነጠላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዟል፤ ሊለምን የወጣ ሰው እንኳ እንደዚያ አያፍርም። በነጠላዬ የምትሞላ ብቻ፣ ለወይኖ፣ ተነሥቶ መቆም አቅቶታል አለው። አባቴ ኃላፊውን ልጠይቅልህ አለው። ጠየቀ። አቶ ግርማቸው ከበረንዳው ሳይወርድ በጣቱ እምቢ አለ። አያ ደሳለኝ ጣቱን ከሩቅ አይቶ ነጠላውን አጣጠፈና ሄደ። ከጉድጓዱ ጭስ ይወጣ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ እናቴ አባቴን አላስቀመጠችውም።

"ላምህ ቁልቋል እየበላች ሣር ታቃጥላለህ?"

"የሰው ግቢ ነው፣ ከድጃ። አደራ ነው።"

"ለሣር አደራ ካለ ለነፍስ አደራ የለም?"

 እኔም ንዴቴ በእሱ ላይ ነበር። ያንን የሚያህል ሰው፣ ያንን የሚያህል ሞተር በአንድ ጣት የሚያስነሣ ሰው፣ አንዲት ነጠላ ሣር ማሳለፍ እንዴት ያቅተዋል?

ሚያዝያ ላይ "ከላይ እንግዳ ሊመጣ ነው" ተባለ። እኔ ከላይ ሲባል ከላስታ ተራራ መስሎኝ በየቀኑ ወደ ምዕራብ ሳንጋጥጥ ሰነበትኩ። ለእንግዶቹ ሲባል ሣሩ በየቀኑ እንዲታጨድ ታዘዘ፤ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር። አባቴ ከጥር ጀምሮ አዲስ ዘይትና አዲስ የአየር ማጣሪያ ይገዛልኝ እያለ ይወተውት ነበር። ይመጣል ይሉታል፣ አይመጣም። ማጣሪያው እየተመታ እየተራገፈ ወንፊት ሆኗል። ዘይቱ ጠቁሮ፣ ቀጥኖ፣ ዘንጉ ላይ ከምልክቱ በታች ወርዷል።

ማጨጃዋ የሞተች ዕለት ዛፍ ሥር ምሳውን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ። ማጨጃዋ የተቃጠለ ነገር ሸተተች። አባቴ አቀዝቅዞ ቆመና ወደ በረንዳው ቀና አለ። አቶ ግርማቸው ቀጥል ብሎ እጁን አወዛወዘ። አባቴ ለአፍታ ወደ አጥሩ፣ ወደ አያ ደሳለኝ መሬት ዞሮ አየ፤ ከዚያ ነዳት። ብረት ብረትን ሲመታ ተሰማ፤ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ቆመች። ከውሃ መርጫዎቹ ድምፅ በቀር ግቢው ጭጭ አለ። አባቴ ወርዶ ከላይ ያለውን መዘውር በእጁ ሊያዞር ታገለ። አልነቃነቅ አለ። ቆቡን አወለቀ።

እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ሆን ብሎ የገደላት መሰለኝ። ወደ አያ ደሳለኝ መሬት ማየቱ ምልክት ነበራ። ቤት ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት፤ አፌን በመዳፏ ከደነችና ሁለተኛ እንዳልደግመው አስማለችኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። ግን ለብዙ ቀን በአባቴ ኩራት ተሞልቼ አንገቴ ረዝሞ ሄድኩ።

አቶ ግርማቸው ጥፋቱን ሁሉ በአባቴ ላይ ጣለ። ወይ ለማጨጃዋ ሞተር ታመጣለህ፣ ወይ ለቦታህ ሰው እናመጣለን አለው። ስለ ዘይቱም፣ ስለ ማጣሪያውም፣ ከበረንዳ ላይ ስለተወዛወዘው እጅም ያነሣ ሰው አልነበረም።

አባቴ ቆቦ ውስጥ የውሃ ፓምፕ የሚጠግነውን ኪሮስን አማከረ። ኪሮስ ከአላማጣ የመጣ፣ ጥርሱ መሀል ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት የማይጠፋ መካኒክ ነው። ሁለቱም የሞተሩ ጉልበት ከአሮጌው እኩል ከሆነ ይበቃል ብለው ተስማሙ። ጠንካራ የፓምፕ ሞተር ተገዛና በባጃጅ ተጭኖ መጣ። ሊገጥሙት ሲያነሡት ነው ጉዱ የታየው። የማጨጃዋ ሞተር ዘንግ እንደ ካስማ ወደ መሬት የሚወርድ ነው፤ ከታች ፑሌጃ የሚባለውን ክብ ብረት ይይዛል፣ ፑሌጃው ቺንጋውን፣ የጎማ ቀበቶውን ማለት ነው፣ ቺንጋው ስለቱንና ጎማውን ያዞራል። የፓምፑ ሞተር ዘንግ ግን እንደ ተዘረጋ ክንድ ወደ ጎን የወጣ ነበር። አጋድመን እንግጠመው አለ ኪሮስ። አባቴ ከተጋደመ ዘይቱ ይፈስሳል አለ። ሁለቱም ሞተሩን እያዩ ተቀመጡ። የግቢው ሾፌሮች ከበው ሳቁባቸው። አቶ ግርማቸውም ሳቀ።

አባቴ ቤት ሲመጣ ራሱን ነበር የሚሰድበው። ሳልለካ፣ ሳላነብ ሄድኩ ይላል። በማግሥቱ አሮጌውን ሞተር በናፍጣ አጠበው። አቧራና ዘይት ከተጋገረበት ቆርቆሮ ሥር የተቀረጹ ፊደላትና ቁጥሮች ብቅ አሉ፤ የሞተሩ ዓይነት፣ መለያው፣ ጉልበቱ። ካርቶን ዘርግቶ ሞተሩን አስቀመጠበትና የቡሎኖቹን ቀዳዳዎች በከሰል አመለከተ። የዘንጉን ርዝመት በሲባጎ ለካ። ውፍረቱን እንዳይስት ፑሌጃውን ራሱን ፈትቶ ያዘ። ያንን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረደ።

እሱ በሌለበት ነው ወይኖ የወደቀው። ማጨጃዋ ስለቆመች ግቢው ውስጥ ሣሩ አድጎ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መርጫው ሲከፈት እርጥብ ሽታው እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ወይኖ ሽታውን ተከትሎ ነው መሰለኝ ካደረበት ተነሥቶ እየተንገዳገደ እስከ ሽቦው ሄደ። አፍንጫውን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ምላሱን ዘረጋ። ሣሩ ከምላሱ ትንሽ ራቅ ይላል። እዚያው ተንበረከከ፣ ተኛ፣ አልተነሣም። ሌላው ዘበኛ ደርሶ ያደረገው ነገር ቢኖር ሽቦው እንዳይረግብ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ በእግሩ መግፋት ነበር። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር።

አባቴ ሲመለስ ከአያ ደሳለኝ ጋር ሆነው ወይኖን በገመድ ወደ ገደል ጎተቱት። 

አባቴ ከኮምቦልቻ ያመጣው ሞተር ሻሲው ከበሰበሰ ሌላ ማጨጃ ላይ የተፈታ ነበር። ቀለሙ ሌላ ነው፤ ዘንጉ ግን ቁልቁል ነው፣ ቀዳዳዎቹም ካርቶኑ ላይ ልክ ገጠሙ። የጭስ ማውጫው ብቻ በተቃራኒ ጎን ስለሆነ ኪሮስ ቆርጦ በየደለት። አባቴ ፑሌጃውን ሰካ፣ ቺንጋውን አጠለቀ፣ የቤንዚን ቱቦውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድና የኤሌክትሪኩን ሽቦ አገናኘ። ዘይቱን የሞላው ከሁሉ በፊት ነበር። በዚህ ጊዜ ዘይቱን ራሱ ነበር ይዞ የመጣው።

እኔ ምሳውን አስቀምጬ ሳላናግረው ልሄድ ስል ጠራኝ። ምን ሆነሻል አለኝ። መታገሥ አልቻልኩም።

"ለምን ትሠራታለህ? አንተ ገድለሃት የለም እንዴ?"

እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"ዘሐራ፣ ሞተሩ የሞተው ዘይት ተከልክሎ ነው። ብጠላ ሰው እጠላለሁ እንጂ ብረት ምን አደረገኝ?"

"ወይኖስ?"

"ወይኖም ተከልክሎ ነው" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ጀግናዬ አንድ ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ያንን ሞተር የሚታጠብ ሕፃን ይመስል እያገላበጠ ሲያጠብቅ፣ ማጨጃዋን ሲያስነሣት፣ ድምፅዋን ጆሮውን አዘንብሎ ሲሰማ እያየሁ አለቀስኩ። ለአቶ ግርማቸው ሣር ሊያሳምር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ገና ጎህ ሲቀድ አባቴ ወጣ። እናቴም ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና በየደጁ ሄደች። አባቴ ሣሩን አጨደ፤ ብዙ ጊዜ ስላልታጨደ ክምሩ ትልቅ ነበር። ሣር የሚጫንበትን ተጎታች ጋሪ ከማጨጃዋ ኋላ አሰረ፣ ሣሩን ጫነ፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አልነዳም። ወደ ዋናው በር ነዳ። በሩን ራሱ ከፈተ። ውጭ እናቴ፣ አያ ደሳለኝና ሌሎች ጎረቤቶች ገመድና ነጠላ ይዘው ቆመዋል። አባቴ ከወንበሩ ሳይወርድ "ውሰዱ" አለ። ለወራት ስጠብቃት የነበረችው ቃል ይህቺው ነበረች።

የመጀመሪያው እስር ሳይታሰር የእንግዶቹ መኪኖች በአስፋልቱ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ግርማቸው ከውስጥ እየሮጠ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ከመኪናው ወርዳ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። አቶ ግርማቸው ትንፋሹን ዋጥ አደረገና ፈገግ አለ።

"ከግቢው የሚወጣውን መኖ ለአካባቢው ኅብረተሰብ በነፃ እናከፋፍላለን" አላት።

ሴትዮዋ በጣም ደስ አላት። ፎቶ ይነሣ ተባለ። አቶ ግርማቸው በዚያ ሱሪው ጎንበስ ብሎ አንድ እቅፍ ሣር አነሣና ለአያ ደሳለኝ አስታቀፈው፤ እጁንም ጨበጠው። ፎቶ የሚያነሣው ሰው አያ ደሳለኝን ትንሽ ፈገግ ይበሉ አለው። አያ ደሳለኝ ሣሩን እንዳቀፈ ሰውየውን አየው። ያልገባው መስሎት ደግሞ ነገረው። አያ ደሳለኝ ጥርሱን አሳየ። እኔ ያንን ጥርስ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

በማግሥቱ አባቴ ያለ ፈቃድ ንብረት አውጥቷል ተብሎ ተባረረ። እናቴ እንደሰማች የሊጥ እጇን ሳትታጠብ ግቢው በር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አቶ ግርማቸው በመኪና ሲወጣ መንገዱ መሀል ቆመች። ሁልጊዜ "እርስዎ" የምትለውን ሰው ያን ቀን አንተ አለችው። ትናንት በሰው ፊት በነፃ የሰጠኸው ዛሬ እንዴት ስርቆት ሆነ አለችው። መስኮቱን ዘጋ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ነፋ፤ እሷ የፈለገችውን ያህል ቆማ በራሷ ጊዜ ከመንገዱ ወጣች። አባቴ ሲሰማ "አብሽሪ፣ ከድጃ" ብቻ አላት። እሱ ሊያጽናናት ሲሞክር ግን አለቀሰች።

አባቴ ኪሮስ ዘንድ ፓምፕ መጠገን ጀመረ። ሣሩ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። አዲስ የተቀጠረው ሰው ማጣሪያውን አራግፎ አያውቅም ነበር ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ ማጨጃዋ እየታነቀች መነሣት እምቢ አለች። መኪና ተላከልን። መልእክተኛው መጥተህ እያት ተብለሃል አለው። አባቴ ሣሩ ለከብት ይውጣ፣ ያኔ እመጣለሁ ብሎ መለሰው። አቶ ግርማቸው አንድ ዘበኛ ሊያዘኝ ነው ወይ አለ ተባለ። ማጨጃዋ መጋዘን ገባች።

ከዚያ ሐምሌ ላይ ዝናብ ጣለ። እንዴት ያለ ዝናብ። ከዞብል ተራራ ወዲህ ያለው ሜዳ ሁሉ፣ የመንገዱ ዳር፣ ድንበሩ፣ የመቃብሩ ግድግዳ ሳይቀር ሣር አበቀለ። ከብት የሚያየው የለም፤ ጠግቧል። ያኔ ነው ከግቢው ሰው የተላከው፤ ሣር የፈለገ መጥቶ ይጨድ፣ ተፈቅዷል ብሎ። አያ ደሳለኝ በራችን ላይ ተቀምጦ ሰምቶ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ቦራ ብቻውን ቀንበር አይጎትትም። አያ ደሳለኝ የሚያቀናጀው ባለ አንድ በሬ ፈለገ፤ በሬ የተረፈለት ሁሉ ግን የራሱን ለማረስ ይሽቀዳደም ነበር። ዝናቡ እንዳያመልጠው መሬቱን ለእኩል ሰጠ። ግማሹ ምርት ቤቱን ስለማያኖር የቀን ሥራ ፈለገ።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ገባሁና ፈረቃዬ ከሰዓት ሆነ። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ግቢው ውስጥ የቀን ሠራተኞች በማጭድ ሣር ያጭዱ ነበር። ከፊት ያለው አያ ደሳለኝ ነው። ወይኖ ምላሱን ዘርግቶ የወደቀበት ቦታ ከእሱ ብዙም አይርቅም። ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ቀና ሲል አየኝ፤ ማጭዱን በሱሪው ጠረገ።

"ዘሐራ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?" አለኝ።

ከሰዓት ነኝ አልኩት። ጎሽ፣ በርቺ አለኝና አጎንብሶ ማጨዱን ቀጠለ።